ታዛቢው ሳህን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የኮሌጁ ሰዎች ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግር ያደረጉት ሁሉ ያነሱት አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎቻችን በሕያው ባክቴሪያ ላይ በብርሃን ቃል ጽፈው፣ ሌላ ከተማ ያለ ቡድን ቃሉ ሳይነገረው ማንበቡን። እንደ እነሱ አወራር ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልጋ በአልጋ ነበር። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፈገግ ብዬ ሰማሁ። በዚያ ሥራ መሀል እህል አልወርድ ብሎኝ የሰነበትኩበትን ጊዜ ያስታወሰ አልነበረም። አንዲት ልጅ ያለ ጥፋቷ ውሸታም ተብላ ከቡድኑ ልትወጣ፣ ምርቃቷም ሊቀር ምንም እንዳልቀረው ያነሳ የለም። በሽኝት ንግግር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም፤ ይገባኛል። አሁን ግን ቤቴ ነኝ፣ ደሞዝ የሚቆርጥብኝም የለም፣ ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ ተማሪዎች እትዬ ጥሩ ይሉኛል። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። አክታ፣ ሰገራ፣ ደም፣ የጉድጓድ ውሃ፤ ያልመረመርኩት ነገር የለም። ደሞዙ የሚወራለት አልነበረም። ኃላፊዬ ጋሽ መርዕድ ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ሐሩር ጋወናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው።

ጋሽ መርዕድ ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ባክቴሪያ የምናሳድግበትን ማሞቂያ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። «እህ፣ ምን እናገኛለን?» ይሉኛል። የምጠብቀውን ጮክ ብዬ ሳልናገር በሩ አይከፈትም። «እንጃ» ብሎ ማምለጥ የለም። የምመኘውን ብናገርም አይቀበሉኝም፤ «የጠየቅሁሽ የምትፈልጊውን አይደለም» ይሉኛል። «አይተን ከተናገርንማ ሁላችንም አዋቂዎች ነን።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ትርፍ አለመድፋት ነው። ባክቴሪያ የሚያድገው መዳፍ በምታህል፣ ክዳኗ ጥርት ባለ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ነው፤ ውስጧ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ይፈስባታል። ጋሽ መርዕድ ለሥራው ካዘጋጁት ሁሉ የተረፈውን በአንድ ሳህን ያደርጉና፣ ምንም ሳይነኩት ከሌሎቹ ጋር ያስቀምጡታል። ያንን ሳህን «ታዛቢ» ይሉታል። ሌላ ሥራ የለውም። ሌሎቹ ላይ የደረሰው ነገር እሱም ላይ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው የሚቀመጠው።

አንድ ክረምት ከተማው ውስጥ ተቅማጥ ገባ። የወረዳው ሹም ጥፋተኛውን አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ የአንዲት ባልቴት ጉድጓድ ነው። ውሃውን መረመርን፤ በማግስቱ ሳህኖቹ በሙሉ ባክቴሪያ በቅሎባቸው ተገኙ። ሹሙ ጉድጓዱን የሚደፍኑ ሰዎች ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። ጋሽ መርዕድ ታዛቢውን አወጡት። ከጉድጓዱ ጠብታ ያልደረሰው ሳህን እሱም እንደሌሎቹ በቅሎበታል። ጥፋቱ የጉድጓዱ ሳይሆን የኛ ነበር፤ ምግቡ በደንብ አልተቀቀለም። «እንደገና እንሠራለን፤ እስከዚያ ጉድጓዱ ይቆያል» አሉ ለሹሙ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ባለሥልጣን ፊት እንዲህ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ውሃው ንጹህ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ አዲስ አበባ መጥቼ አንድ የወተት ፋብሪካ ገባሁ። ክፍያው ይሻል ነበር። አለቃዬ ግን ታዛቢ ማስቀመጥ ብክነት ነው ባይ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ የምንሸጠው ወተት ነው ወይስ ጥርጣሬ?» ይለኝ ነበር። ነገረኛ ስለሆንኩ ሁለቱንም አልኩት። እዚያ ብዙ አልቆየሁም። መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለ አንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ኃላፊ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ፤ እስከ ጡረታዬ ከዚያ አልተነቃነቅሁም። የጋሽ መርዕድን ልማድ ለተማሪዎቼ አስተላለፍኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስቆም ከጀርባዬ እያስመሰሉኝ ይስቃሉ፤ ግን ራሳቸው ያደርጉታል። ትርፍ መድፋት በኛ ቤት ነውር ሆነ።

የብርሃኑ ሥራ የመጣው ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። ሦስት የተማሪ ቡድኖች ተጣመሩ። የኛዎቹ ባክቴሪያውን ያሳድጋሉ፤ ላፍቶ በኩል ያለ የቴክኒክ ኮሌጅ የብርሃን ሳጥኑን ይሠራል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ሦስተኛው ቡድን ደግሞ የተጻፈውን ያነባል። ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ አይፈቀድለትም፤ ውድድሩ የሚዳኘው በዚህ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ተራ አይደሉም። ሰማያዊ ብርሃን ሲነካቸው የዘር ቅንጣታቸው ውስጥ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያለ ነገር ይገለበጣል። አንዴ ከተገለበጠ አይመለስም፤ ከእነሱ የሚራቡትም እንደተገለበጡ ይራባሉ፤ አድረው ቀይ ይሆናሉ። ብርሃኑ ያልነካቸው ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ሳጥኑ ላይ የሚቀመጠው ሳህን በትንንሽ ጉድጓዶች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ አንዱን ጉድጓድ እያበሩ ሌላውን እያጨለሙ መጻፍ ይቻላል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱ የቀይና የነጭ አደራደር ተሰጠው።

ተራ አምፖል ውስጥም ሰማያዊ ብርሃን ስላለ ክፍሉን በጥቁር መጋረጃ ሸፍነን በቀይ አምፖል ነበር የምንሠራው። የኮሌጁ ጥበቃ በሩ ሲከፈት ቀዩን መብራት አይቶ «እትዬ፣ በስተርጅና ግሮሰሪ ከፈቱ እንዴ?» ብሎኛል። በቀይ አምፖል ሥር ቀዩና ነጩ ባክቴሪያ አይለይም። ውጤቱን ለማየት ተራውን መብራት ማብራት ግድ ነው።

ባክቴሪያውን የያዘችው ፈቲያ ነበረች። አባቷ አቶ ሸምሱ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ክርና ዚፕ፣ የልብስ ቁልፍ ይሸጣሉ። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ እጇ ግን ያስቀናል። የፈላው ምግብ ሳህን ላይ ከመፍሰሱ በፊት መብረድ አለበት፤ ሲበዛ ከበረደ ይረጋል፣ ትኩስ ከሆነ ባክቴሪያውን ይገድላል። ጠርሙሱን ጉንጭ ላይ አስጠግቶ መለካትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ቀስ በቀስ በመዳፏ ብቻ ማወቅ ጀመረች። ቴርሞሜትር አስገብቼ አጣራሁባት፤ ስትሳሳት አላገኘኋትም። የመመረቂያ ሥራዋም ይኸው ፕሮጀክት ነበር። ይህ ከተበላሸ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

ሳጥኑን የሠራው ቶላ ነው። ላፍቶ እርሻ በነበረበት ጊዜ ከነበሩ ቤተሰቦች የመጣ ልጅ ነው፤ አባቱ አቶ ገመቹ ዛሬም በተረፈቻቸው ግቢ ላም ያረባሉ፣ ወተቱን ለኮንዶሚኒየም ሰዎች ይሸጣሉ። ቶላ ፈጣን ነው፣ ሲናገርም ሲያስብም። ሳጥኑ ክዳኑ ሲዘጋ ብርሃን አያስወጣም፤ ከሥር ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንዲት ሰማያዊ መብራት አለችው። የኤሌክትሪክ ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህንን ሲነግረኝ ፊቱ በራ፤ ለዚህ ከተማ አስቦ ነው የሠራው። በራሳቸው ኮሌጅ ደጋግመው ሞክረውት አንድም ጊዜ አልሳተም።

ቃሉ የሚጻፍበት ቀን ደረሰ። የቀረን ባክቴሪያ ለዚያን ቀንና ምናልባት ለአንድ ተጨማሪ ሙከራ የሚበቃ ነበር። ጠዋት ሳጥኑ ከነሳህኑ ማሞቂያው ውስጥ ገባ። እኔ ከሰዓት በኋላ ለጡረታዬ ጉዳይ ወረፋ ልይዝ ወጣሁ፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረችው ፈቲያ ብቻ ነበረች። ያን ዕለት መብራት ሄድ መለስ ሲል ዋለ። ማሞቂያው ቀዝቅዞ እንዳይሆን የሰጋው ቶላ ከላፍቶ ደወለላት። መብራት በጠፋበት፣ ድቅድቅ ባለው ክፍል ውስጥ የማሞቂያውን በር ከፍታ «ደህና ነው፣ ሙቀቱ አልወረደም» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ተሰበሰብን። ሳጥኑ ወጣ፣ ማሞቂያው ተመልሶ ተዘጋ፣ ተራው መብራት በራ። ሳህኑ ላይ ያሉት ጉድጓዶች በሙሉ ቀይ ነበሩ። አንድ ነጭ የለም። ፊደል የለም፣ ቃል የለም።

ቶላ ሳህኑን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ፈቲያ ዞረ።

«ትናንት ሙቀቱ አልወረደም ብለሽኛል።»

«አዎ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር። ቀዩም አምፖል ጠፍቷል። ቴርሞሜትሩን በምን አየሽው?»

«አላየሁትም። በእጄ ነው ያወቅሁት።»

«በእጅሽ?» አለ። የእሱ ቡድን ልጆች ተያዩ። «ፈቲያ፣ ስልክሽን አብርተሻል። አብርተሽ ነው ያየሽው፤ ብርሃኑ ነው ያበላሸው።»

«አላበራሁም። ስልኩን ከመጋረጃው ውጭ ትቼ ነው የገባሁት።»

እዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ እጅ ስልክ ላይ የሚደርሰው ከሐሳብ በፊት ነው። ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ደረጃ ላይ፣ ሽንት ቤት፣ ሱቅ ውስጥ። ቴርሞሜትርን በጨለማ በእጅ አነበብኩ ከሚል ሰው ይልቅ ስልክ አብርቷል የሚለው ለማንም ይቀላል። የኛም ቡድን ልጆች አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ። ቶላ ክፉ ልጅ አይደለም። ሳጥኑን ያውቀዋል፣ ሳጥኑ እንደማይሳሳት ያምናል፤ ስለዚህ የቀረው ጥፋተኛ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሲሳይ ነገሩን ሰምቶ ቢሮው ጠራኝ። ቀጥተኛ ሰው ነው፣ ውድድሩም እሱን ያስጨንቀው ነበር። «እትዬ ጥሩ፣ የሳህኑ መበላሸት አይደለም ያናደደኝ» አለኝ። «ስህተት ማንም ይሠራል። አብርቻለሁ፣ ይቅርታ ካለች አልፈዋለሁ፤ በቡድኑ ትቀጥላለች፣ ትመረቃለች። ከካደች ግን ውሸታም ሰው ላብራቶሪ ውስጥ አላስቀምጥም፤ ፕሮጀክቱም አይያዝላትም። ከሰዓት ስብሰባ ላይ ትናገር። እርስዎ ያግባቡልኝ።»

ላግባባት ሄድኩ። ከኮሌጁ ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከጎኗ ተቀመጥኩ። የዶክተሩን ሐሳብ ነገርኳት፤ ልቧ ተሰብሮ ስላየሁ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ እውነት አላበራሽም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም?» አለች።

መዳፏን ስንት ጊዜ በቴርሞሜትር ያጣራሁ ሰው ነኝ፤ ልጅቷ በእጇ ማወቅ እንደምትችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ያን ጠዋት ያን ሁሉ ቀይ አይቻለሁ፣ የሁሉንም ፊት አይቻለሁ፣ ልቤ ተጠራጠረ። ምሳ አልበላሁም፤ ከዚያም ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ እህል አልጣመኝም።

ስብሰባው እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ነበር። ዶክተር ሲሳይ ቀስ ብሎ፣ እንደ አባት ሆኖ ነው የተናገረው፤ ያ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ። «ፈቲያ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው» አላት።

«ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ልመረቅ?» አለች። «አልልም።»

ዶክተሩ ብዕሩን አነሳ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። «ታዛቢው አለ» አለች። «የተረፈውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ አደረግሁት እንጂ አልደፋሁትም። ማሞቂያው ውስጥ፣ ከሳጥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። አልሸፈንኩትም። ከትናንት ጀምሮ እንዳለ ነው።» በዚያ ድንጋጤ ታዛቢውን እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።

ልጅቷ አደጋው ሳይገባት ቀርቶ አይደለም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ እሷ ከወጣች በኋላ ጥበቃው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ባትሪ አብርተው ማሞቂያውን ከፍተውት እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። እንዲያ ከሆነ ታዛቢው በእሷ ላይ ነው የሚመሰክረው።

ቶላ ነገሩ ወዲያው ገባው። «ክዳኑ ጥርት ያለ ነው አይደል?» አለ። «በሩ ተከፍቶ ስልክ ከበራ ብርሃኑ እሱንም ያገኘዋል። ቀይ ይሆናል። ስልክ ካልበራ ነጭ ነው። የሳጥኑ ብርሃን ደግሞ ወደ ውጭ ስለማይወጣ አይነካውም።» የተናገረው ትክክል ነበር፤ የተቃወመው የለም። ሁሉም ወደ ማሞቂያው ተነሳ።

በሩ ፊት ቆምኩና እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ያን ቀን የሳቀ የለም። «ምን እናገኛለን?» አልኩ።

«ቀይ» አለ ቶላ።

«ቀይ ይመስለኛል» አለ ዶክተር ሲሳይ።

«ነጭ» አለች ፈቲያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ እትዬ?»

ተማሪ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። «ነጭ ቢሆን ደስ ይለኛል» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅሁዎትም።»

«ነጭ» አልኩ። በሩን ከፈትኩ፣ ሳህኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ አንዱ ልጅ ተራውን መብራት አበራ።

ነጭ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር።

ፈቲያ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቶላ ግን ሳጥኑን ወደ ራሱ አስጠግቶ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያያል። «መብራቱ ትናንት ስንት ጊዜ ነው ሄዶ የመጣው?» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«አልቆጠርኩትም» አለች ፈቲያ። «ሲመጣ ሲሄድ ነው የዋለው።»

ሳጥኑን ሶኬት ላይ ሰካው። በዚያች ቅጽበት ከሥር ያሉት ሰማያዊ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ ቦግ ብለው ጠፉ። ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ ደግመው ቦግ አሉ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሲነሳ ሁሉንም ይፈትሻል» አለ። «እኔ ነኝ እንዲፈትሽ ያደረግሁት።»

በዚህ ከተማ መብራት ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው፤ ላፍቶ እነ ቶላ ቤት የእናቱን ፍሪጅ አቃጥሎታል። ቶላ ሳጥኑም ላይ ያ እንዳይደርስ ሰግቶ፣ ኃይል በተመለሰ ቁጥር መብራቶቹን አንድ ጊዜ በሙሉ አብርቶ የተቃጠለ እንዳለ እንዲያጣራ አድርጎ ሠራው። ሳህኑ የሚገባው ሳጥኑ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ፍተሻ አይነካውም፤ በእነሱ ኮሌጅ ደግሞ ጄኔሬተሩ ወዲያው ስለሚቀበል ሳጥኑ በሥራ መሀል ጠፍቶ አያውቅም። እኛ ጋ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ለመጨለም የታሰቡትንም ጉድጓዶች አበራቸው። ልጁ ያጠፋው በጥንቃቄው ነው። መብራት የማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ይህን ስህተት ሊሠራ አይችልም።

ዶክተር ሲሳይ ቅን ሰው ነው፤ «ፈቲያ፣ ነገሩ ተጣርቷል፣ ፕሮጀክትሽ ያንቺ ነው» አላት። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ስለ ሳጥኑ ማውራት ጀመረ፤ መፈተሻው እንዴት ይውጣ፣ ባትሪ ከየት ይምጣ፣ ቀኑ ደርሷል። ፈቲያ ጋወኗን አውልቃ ሰቀለችና ወጣች። መውጣቷን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ አልገባችም። ክፍል ትገባለች፣ ሰላም ትላለች፣ በትህትና ታልፋለች። ቶላ ይደውላል፣ አታነሳም። ዶክተሩ ሰው ላከባት፤ «ሌላ ሰው ይሥራው» አለች። «ምርቃትሽስ?» ስላት «ይቅር» አለችኝ። ሌሎቹ ልጆች ከቀረው ባክቴሪያ ጥቂት ወስደው ሊያሳድጉ ሞከሩ፤ በእነሱ እጅ ሰንፎ ቀረ። የቀረው ባክቴሪያ በረዶ ቤት ውስጥ ዕድሜውን እየጨረሰ ነው፣ ሳምንታት ያለፉበትን ብናቀልጠውም አይነሳም። እሷ ካልመጣች ሥራውም፣ የእሷም ምርቃት አብረው ያልቃሉ። ይህንን እያሰብኩ ነበር የምተኛውና የምነሳው።

ቶላ ለአባቱ ነገራቸው። አቶ ገመቹ በማግስቱ ኮሌጁ በር ላይ መጥተው አስጠሩኝ። «ልጄ የሰው ልጅ ስም በሰው ፊት ነው ያጠፋው» አሉኝ። «ይቅርታውንም በሰው ፊት ይጠይቅ። አባቷን አላውቃቸውም፤ እርስዎ ለልጅቷ ቅርብ ነዎት፣ ሽማግሌ ሆነው አብረውን ይሂዱ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችን በሚኒባስ ሀይሌ ጋርመንት ሄድን። አቶ ገመቹ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፣ ቶላ ጫማውን አስጠርጓል፣ እኔም ነጠላዬን አጣፍቻለሁ። አቶ ሸምሱ ከክርና ከዚፕ መሀል ብቅ ብለው እንዲያ ተሰልፈን ሲያዩን ሁሉ ነገር የገባቸው መሰላቸው። በሩን ገርበብ አደረጉት፣ ወንበር አወጡ፣ ለስላሳ አስመጡ። ቶላን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ደህና መጣችሁ፣ ቤታችሁ ነው» አሉ። «ግን ወላሂ ልጄ ገና ተማሪ ናት። ሃይማኖቱም አለ።»

አቶ ገመቹ ለስላሳው ትን አላቸው። «ኧረ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው፣ ጋሼ። ለይቅርታ ነው።»

ያን ጊዜ የአቶ ሸምሱ ፊት ተለወጠ። «ይቅርታ? ልጄን ምን አደረጋት?»

ሱቁ ውስጥ ያለው አየር ከበደ። እኔ ልናገር ስል ቶላ ተነስቶ ቆመ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ ባክቴሪያውን፣ ሳጥኑን፣ መብራቱን፣ በሁሉም ፊት ውሸታም እንዳላት፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ። ወለሉ ላይ ወድቆ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል አቶ ሸምሱ ክንዱን ይዘው አነሱት። ስለ ባክቴሪያው የገባቸው አይመስለኝም። የገባቸው ልጃቸው ያን ሁሉ ቀን ቤት እየገባች፣ እራት እየበላች፣ አንድ ቃል ሳትነግራቸው መክረሟ ነው።

«ፈቲያ» ብለው ተጣሩ። ከጓዳ በኩል ወጣች። ስታየን ቆመች።

«ይህ ሁሉ ሲደርስብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ፈቲያ መዳፎቿን አጣመረች። «እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ምን ብዬ?»

«አብርተሽ ነበር ወይ ብለህ።»

አቶ ሸምሱ መዋሸት ይችሉ ነበር። «በፍጹም አልጠይቅሽም ነበር» ቢሉ ሁላችንም ደስ ይለን ነበር።

«እጠይቅሽ ነበር» አሉ።

ፈቲያ ራሷን ነቀነቀች። «ሁሉም ጠየቀኝ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ከዚያ ወደ ቶላ ዞራ «መፈተሻውን አውጥተኸዋል?» አለችው። እንዳወጣው ነገራት። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ይዘኸው ና፤ ባክቴሪያው ከዚህ በላይ አይቆይም» አለች። አባቷ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።